መታጠቂያና ማኅደር፤ በአገው ምድር የቆዳ ትጥቅ ሥራና ንግድ ታሪክ

የአገራችንን የጦር መሣሪያ ታሪክ የጻፉ ሊቃውንት ስናድርና ውጅግራ በየትኛው ወደብ እንደ ገባ፣ የትኛው ንጉሥ ከየትኛው መንግሥት እንደ ገዛ፣ በየትኛውም ጦርነት ስንት ጠመንጃ እንደ ተሰለፈ በሰፊው አትተዋል። ይሁን እንጂ ያ ጠመንጃ በባለቤቱ ትከሻ ላይ የዋለው፣ ጥይቱም ወንዝና ዝናም ሳያበላሸው ከጦር ሜዳ የደረሰው በምን ነው? ያንንስ ነገር የሠራው ማነው? የሚለው ጥያቄ እምብዛም ሲነሣ አይታይም። መልሱ ቆዳ ነው፤ ሠሪውም ቆዳ አልፊው ነው። የዚህ አጭር ጽሑፍ አሳብ በአገው ምድር፣ ይኸውም ዛሬ የአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር ዞን በሚባለው አገር፣ በተለይም በዳንግላና በእንጅባራ አካባቢ፣ መታጠቂያን፣ ዝናርንና የሽጉጥ ማኅደርን የመሥራትና የመሸጥ ሙያ በታሪክ ውስጥ የነበረውን ስፍራ ማመልከት ነው። ስናመለክትም ሦስት ምስክሮችን እንጠራለን፤ አንደኛው ቋንቋው፣ ሁለተኛው የመንገደኞች ጽሑፍ፣ ሦስተኛው የዕቃው አሠራር ራሱ ነው።

፩ኛ፤ ስለ ቃሎቹ

በአማርኛ መሣሪያ የያዘ ሰው «ታጣቂ» ይባላል። መሣሪያውም ከነጓዙ «ትጥቅ» ነው። መሣሪያውን የተነጠቀ ሰው «ትጥቁን ፈታ» ይባላል። እነዚህ ቃላት ሁሉ የወጡት «ታጠቀ» ከሚለው ግሥ ሲሆን፣ የግሡ መጀመሪያ ትርጕም ግን ወገብን በመታጠቂያ ማሰር እንጂ ጠመንጃ መያዝ አይደለም። እንግዲህ በቋንቋችን አስተሳሰብ ሰውን ታጣቂ የሚያሰኘው ብረቱ ሳይሆን ብረቱን የሚያስረው ጠፍር ነው ለማለት ይቻላል።

«ዝናር» የሚለውም ቃል እንዲሁ የሚያስተምረን አለ። ቃሉ በግእዝ መታጠቂያ ማለት ነው፤ ከግሪክና ከዐረብ ቃል ጋራ አንድ ዘር ያለው ሲሆን በቤተ ክርስቲያን የካህናት መታጠቂያ ስም ሆኖ ኖሯል። ጠመንጃ በአገሪቱ ሲበዛ ግን ያው ስም በጥይት የተሞላውን መታጠቂያ ለማመልከት ተወሰደ። «ማኅደር» የተባለውም ቃል «ኀደረ» ከሚለው የግእዝ ግሥ የወጣ ነው፤ ማደሪያ ማለት ነው። ከጥንት ጀምሮ የሚታወቀው የብራና መጽሐፍ የሚያድርበት፣ በትከሻ የሚንጠለጠል የቆዳ ከረጢት በመሆኑ ነው። ሽጉጥ ሲመጣ ማደሪያው በዚሁ ስም ተጠራ። «ሽጉጥ» ራሱ «ሸጐጠ» ከሚለው ግሥ የወጣ ስለ ሆነ፣ በመጀመሪያ በድግና በመታጠቂያ ውስጥ የሚሸጐጥ መሣሪያ እንደ ነበረ ስሙ ይመሰክራል። ከመሸጐጥ ወደ ማኅደር መሸጋገሩ የሠሪው እጅ የጨመረው ነገር ነው።

ከነዚህ ቃላት የምንረዳው አንድ ፍሬ ነገር አለ። አዲሱ መሣሪያ ከውጭ ሲመጣ ማቀፊያው ከውጭ አልመጣም። ካህኑን ያስታጠቀውና የዳዊቱን ከረጢት የሰፋው የአገር ሙያ፣ ጥበቡን ሳይለውጥ፣ ጠመንጃውንና ሽጉጡን ተቀበላቸው።

፪ኛ፤ ከጠመንጃ መብዛት በፊት

ስኮትላንዳዊው መንገደኛ ጀምስ ብሩስ የዓባይን ምንጭ ለማየት በኅዳር ወር 1770 እ.ኤ.አ. ወደ ሰከላ በደረሰ ጊዜ ያየውን በኋላ በ1790 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፉ ጽፎታል። እንደ ብሩስ አጻጻፍ የጐንደር ከተማ ለኑሮዋ የሚያስፈልጋትን ከብት፣ ማር፣ ቅቤ፣ ስንዴ፣ ሰምና ቆዳ የምታገኘው ከአገው ነበር። አገዎቹም አንድ ሺህና አንድ ሺህ አምስት መቶ እየሆኑ፣ ይህን ሁሉ ተሸክመው፣ ተራ በተራ ወደ ከተማዪቱ ይወጡ ነበር። ቅቤው በመንገድ እንዳይቀልጥና እንዳይበላሽ መቅመቆ የተባለውን ሥር ይጨምሩበት እንደ ነበርም ይተርካል።

ለኛ ጥናት ግን ከሁሉ የሚበልጠው ስለ ልብሳቸው የጻፈው ነው። አገዎቹ የሚለብሱት ቆዳ እንደ ነበረና ያንንም ቆዳ የራሳቸው በሆነ ልዩ ዘዴ እንደሚያለፉት ይገልጻል። ልብሱ እስከ እግር የሚደርስ ሆኖ ወገቡ ላይ በመታጠቂያ የሚታሰር ነበር፤ ያገቡት ሴቶችም ልጆቻቸውን በዚሁ ልብስ በጀርባቸው ያዝሉ ነበር። ስለዚህ በአገው ምድር ቆዳ ማልፋትም መታጠቂያም ከሽጉጥ በፊት የነበሩ፣ ቢያንስ ከ250 ዓመት በፊት በጽሑፍ የተመሰከረላቸው ነገሮች ናቸው።

የቆዳውም ጥቅም በልብስ ብቻ የተወሰነ አልነበረም። ገበሬው ሞፈሩንና ቀንበሩን የሚያያይዝበት ምራን፣ እህሉን የሚይዝበት ስልቻና አቁማዳ፣ አህያውን የሚጭንበት መጫኛ፣ መንገደኛው ስንቁን የሚይዝበት አገልግል፣ የቆሎ ተማሪው የሚለብሰው ደበሎ፣ ባላባቱ የሚያነግበው ጋሻና የጐራዴው አፎት ሁሉ የቆዳ ሥራ ናቸው። በአገው ምድር ደግሞ የፈረሱ ዕቃ በዚህ ላይ ይጨመራል፤ ኮርቻው፣ ልጓሙ፣ ዛቡና የእርካቡ ጠፍር ያለ ቆዳ ሠሪ አይገኙም። ዝናርን የሰፋው እጅ አስቀድሞ ኮርቻ የሰፋ እጅ ነው።

፫ኛ፤ ስለ አሠራሩ

ቆዳ ከከብቱ ላይ እንደ ወጣ ቢተዉት ይሸታል፤ ቢያደርቁት እንደ ሳንቃ ይገተራል። የአልፊው ሥራ በነዚህ በሁለቱ መካከል መንገድ ማግኘት ነው። ቆዳው ይነከራል፤ በችካል ተወጥሮ ሥጋውና ሞራው ይፋቃል፤ ጠጕሩ ይነሣል፤ ከዚያ በኋላ የዕፅዋት ጭማቂ እየጠጣ በእግር ይረገጣል፣ በእጅ ይታሻል። በአማራ አገር ለዚህ ሥራ ከሚያገለግሉት መካከል የእምቧይ ፍሬ፣ የቁልቋል ወተትና የግራር ቅርፊት ይገኛሉ። የኑግና የተልባ ቅባት፣ ቅቤም ጭምር፣ ለማለስለሻ ይሆናል። በቅርፊቱ ውስጥ ያለው የሚያኰማትር ነገር ከቆዳው ሥጋዊ ጭረት ጋራ ሲዋሐድ ቆዳው መበስበሱን ያቆማል። በትልልቆቹ የዓለም ፋብሪካዎች በዕፅዋት የሚለፋው ቆዳም የሚሠራው በዚሁ ሕግ ነው።

መታጠቂያ የሚቈረጠው ከከብቱ ጀርባ በኩል ካለው ወፍራምና እኩል ከሆነው ክፍል ነው፤ የሆዱ ቆዳ ስስ ስለ ሆነ ይለጠጣል። ከዚያ በወስፌ ይበሳል፤ በጅማት ወይም በቀጭን ጠፍር ይሰፋል፤ በአንዱ ጫፍ ዘለበት ይገባለታል። ዝናር ሲሆን ለያንዳንዱ ጥይት ቤት ያስፈልገዋል። ቤቱ ቢሰፋ ጥይቱ በሩጫ ይወድቃል፤ ቢጠብም በችግር ሰዓት አይመዘዝም። ስለዚህ ሠሪው የጥይቱን ልክ ማወቅ ነበረበት፤ የውጅግራው ጥይት ለምንሽሩ ልክ አይሆንምና።

የሽጉጥ ማኅደር ደግሞ ከዝናር የበለጠ ትዕግሥት ይጠይቃል። ቆዳ ሲርስ ይላላል፤ ሲደርቅ የያዘውን ቅርጽ አይለቅም። በዚህ ጠባዩ የተነሣ የራሰው ቆዳ በሽጉጡ ወይም በእርሱ አምሳል በተጠረበ እንጨት ላይ ተለብዶ ይደርቃል። ስለዚህ ማኅደር እንደ ስልቻ ተሠርቶ ገዢ የሚጠብቅ ዕቃ ሳይሆን፣ በመሣሪያው ልክ የሚሠራ የትእዛዝ ሥራ ነው። ባለሽጉጡ ወደ ሠሪው ቤት መሄድ፣ መሣሪያውንም ማሳየት ግድ ነበረበት። ይህን ነገር አንባቢ ልብ ይበልልን፤ ወደ በኋላ እንመለስበታለንና።

ለዕቃው ዕድሜ ደግሞ የአገሩ ጠባይ ይወስናል። የአዊ ደጋ ክረምቱ ረጅምና ዝናሙ ብዙ ነው። ቅባት ያልጠጣ ቆዳ በዝናም ይነፋል፣ በፀሐይ ይሰነጠቃል። ከዚህም በቀር በዕፅዋት በለፋ ቆዳ ውስጥ ብዙ ጊዜ የቈየ የናስ ጥይት አረንጓዴ ዝገት ያወጣል፤ ይህም ቆዳው የጠጣው ጭማቂ ናሱን ስለሚበላው ነው። ዝናሩን መወልወልና ቅባት ማጠጣት፣ ጥይቱንም እያወጡ መጥረግ ለባለቤቱ የዘወትር ሥራ ይሆንበታል።

፬ኛ፤ ጠመንጃ ሲበዛ

በ19ኛው መቶ ዓመት ሁለተኛ አጋማሽ ጠመንጃ በኢትዮጵያ እጅግ እየበዛ ሄደ። በ1888 ዓ.ም. በዐድዋ የኢትዮጵያ ሠራዊት ካሸነፈ በኋላም የጠመንጃው ቍጥር አልቀነሰም። በዚያ ዘመን የጠመንጃ ጥይት በአያሌ ስፍራ ከማርትሬዛ ብርና ከአሞሌ ጨው ጋራ እንደ ገንዘብ ይመነዘር ነበር። ስለዚህ ዝናር መሣሪያ መያዣ ብቻ ሳይሆን ቦርሳም ነበረ ብንል ማጋነን አይሆንም። ወደ ገበያ የወረደ ሰው ከወገቡ ጥይት ነቅሎ ዕቃ ሊገዛ ይችላልና። የዝናሩ መሙላትና መጕደል የባለቤቱን ኀይልም ሀብትም ለተመልካች ይናገር ነበር።

ዳንግላ በዚህ ጊዜ ከሱዳን ጠረፍ ወደ ጐጃም ደጋ በሚወጣው ንግድ መስመር ላይ የምትገኝ ገበያ ነበረች። በመተማና በገላባት በኩል ቡና፣ ሰምና ቆዳ ይወጣል፤ ጨርቅና ልዩ ልዩ የፋብሪካ ዕቃ ይገባል። የእንግሊዝ መንግሥት ለሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ ያቆመው ቆንስላ የተቀመጠው በዳንግላ ነበር። ከ1925 እስከ 1934 እ.ኤ.አ. በዚያ በቆንስልነት የቈየው ሜጀር ሮበርት ቺስማን የጣናን ሐይቅና የዓባይን ሸለቆ ዞሮ በካርታ አንሥቶ በ1936 እ.ኤ.አ. መጽሐፍ አሳትሟል። ቆንስላ ያለበት፣ ነጋዴ የሚያድርበት፣ ባላባት የሚመላለስበት ከተማ ደግሞ የመታጠቂያና የማኅደር ፈላጊ የማይታጣበት ከተማ ነው።

የጣልያን ወረራ ዘመን ይህንን ፍላጎት አከበደው። በጐጃም የተነሡት አርበኞች ከጠላት የማረኩትን መሣሪያ እየታጠቁ ተዋጉ። ዳንግላና እንጅባራ የጣልያን ጦር የሰፈረባቸው ምሽጎች ነበሩ። ቀዳማዊ ኀይለ ሥላሴ ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. በኦሜድላ ወደ አገራቸው ከገቡ በኋላ ጠላት በየካቲት ወር ምሽጎቹን እየለቀቀ ሸሸ። እስከዚያ ድረስ በጫካ ለኖረው አርበኛ የመሣሪያ ግምጃ ቤት አልነበረውም። ጠመንጃውን ከጠላት ሊማርክ ይችላል፤ የተበጠሰ ማንገቻና የተቀደደ ዝናር የሚጠግነው ግን በሠፈሩ ያለው ባለወስፌ ነው።

፭ኛ፤ ስለ ሠሪው ክብር

አሁን የጥናታችን ዋና ነገር ወደ ሆነው እንመጣለን። ከላይ እንዳየነው የታጣቂው ክብር በሠሪው እጅ ላይ የቆመ ነበር። የሠሪው ክብር ግን የት ነበር?

በአማራና በአገው አገር ቆዳ ሠሪ «ፋቂ» እየተባለ ይናቅ ነበር፤ እንደ ብረት ሠሪውና እንደ ሸክላ ሠሪዋ ሁሉ በቡዳነት ይታማ ነበር። ከባለርስቱ ጋራ በጋብቻ አይቀላቀልም፤ በብዙ ስፍራም ርስት የለውም። መሬት የሌለው ስለ ሆነ በሙያው ይኖራል፤ በሙያው ስለሚኖርም መሬት አይገባውም ይባላል። አንዱ ነገር ለሌላው ምክንያት እየሆነ ትውልድ አለፈ።

ይህ ንቀት ከሥራው ጠባይ የመጣ ነው የሚሉ አሉ፤ የቆዳ ሥራ ስለሚሸት ነው ይላሉ። እኛ ግን ይህን ምክንያት አንቀበለውም። ጐጃም እነ ዲማንና እነ ዋሸራን የመሰሉ የትምህርት ስፍራዎች ያሉበት አገር ነው። በነዚህ ስፍራዎች ደብተራው የፍየሉንና የበጉን ቆዳ ነክሮ፣ ወጥሮ፣ ፍቆ ብራና ያወጣል። ግሡ አንድ ነው፤ «ፋቀ»። ችካሉ አንድ ነው፤ ሽታውም አንድ ነው። ነገር ግን ብራና የፋቀው ሰው ሊቅ ተብሎ ሲከበር፣ የበሬ ቆዳ የፋቀው ሰው ፋቂ ተብሎ ተሰደበ። እንግዲህ ልዩነቱን ያመጣው ሥራው ሳይሆን የሰዎቹ በመሬትና በማኅበር ውስጥ ያላቸው ስፍራ መሆኑ ግልጽ ነው።

ከላይ ልብ ይባልልን ያልነው ነገር እዚህ ላይ ይታያል። ማኅደር የትእዛዝ ሥራ ስለ ሆነ ባለሽጉጡ መሣሪያውን ይዞ ወደተናቀው ሰው ቤት ይሄዳል፤ ሠሪውም ሽጉጡን በእጁ ይዞ ይለካዋል። አብሮት በአንድ ማዕድ የማይቀመጠው ሰው ሕይወቱን የሚጠብቅበትን መሣሪያ ያምነዋል። ይህ ንቀትና ይህ እምነት አብረው መኖራቸው የቀድሞውን ማኅበራዊ ኑሮ ውስጣዊ ተቃርኖ ከብዙ ትልልቅ ድርሳናት ይልቅ ያስረዳል።

መንግሥት ነገሩን ያልተመለከተው አልነበረም። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ሠራተኞችን የሚሰድብ ሁሉ እንዲቀጣ ዐዋጅ አስነግረዋል። ዐዋጁ የሚመሰገን ነው፤ ሆኖም ስድብን ከለከለ እንጂ መሬት አልሰጠም። መሬቱን በሕግ የነካው የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት ዐዋጅ ነው። በዚህ ዐዋጅ በጕልበቱ ለማረስ የሚፈቅድ ማንኛውም ሰው መሬት እንዲያገኝ ሲደነገግ፣ የእጅ ሠራተኛው በሕግ ከገበሬው ጋራ እኩል ሆነ። በዚህም አንድ ያልታሰበ ነገር ተከተለ፤ መሬት ያገኘ ልጅ አባቱ የተሰደበበትን ወስፌ የሚያነሣበት ምክንያት አነሰ። ፍትሕ ሲመጣ ሙያው ወራሽ አጣ። በዚህ ማዘን የሚገባ አይመስለንም፤ ሊያሳዝን የሚገባው ሙያው በመናቁ ምክንያት ከውርደት ጋራ ተጣብቆ መኖሩ ነው።

፮ኛ፤ ሸራ፣ ፋብሪካና ዛሬ

ሙያውን ያዳከመው ግን ይህ ብቻ አይደለም። ከነጻነት በኋላ በእንግሊዝ መኰንኖች፣ ከ1953 እ.ኤ.አ. ስምምነት ወዲህም በአሜሪካ እርዳታ የተደራጀው መደበኛ ጦር ከፋብሪካ የወጣ ትጥቅ፣ ይልቁንም ሸራ ይታጠቅ ጀመር። የእጅ ሥራው ዝናር ከገበሬው፣ ከባላባቱና ከነጭ ለባሹ ወገብ ላይ ቀረ። ከ1969 ዓ.ም. ወዲህ የሶቪየት መሣሪያ ሲገባና ክላሽንኮቭ ሲበዛ ደግሞ የጥይት አያያዙ ራሱ ተለወጠ። ጥይቱ አንድ አንድ እየሆነ በቆዳ ቤት ውስጥ መደርደሩ ቀርቶ በብረት ካዝና ተሞላ፤ ካዝናውም በሸራ ኪስ ተያዘ። የጥይቱን ልክ የሚያውቀው እጅ ዕውቀቱ የሚያገለግልበት ነገር ጠበበ። የሽጉጥ ማኅደርና ተራው መታጠቂያ ግን ልብስ አብሮ የሚሄድ ነገር በመሆናቸው ከዝናሩ ይልቅ ዕድሜ አገኙ። ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮም የጦር መሣሪያ አያያዝ በዐዋጅ ቍጥር 1177 የሚገዛ ስለ ሆነ የማኅደር ገበያ ከመሣሪያው ፈቃድ ጋራ የተያያዘ ሆኗል።

በአዊ አገር ሙያው እንዳይጠፋ የሚደግፍ አንድ ነገር አለ፤ እርሱም ፈረስ ነው። የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተ ሲሆን፣ ፈረስ በዐድዋና በሌሎችም ዘመቻዎች የዋለውን ውለታ እያሰበ በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በእንጅባራ በዓሉን ያከብራል። በብዙ ሺህ የሚቈጠር ፈረስ ሲሰለፍ በብዙ ሺህ የሚቈጠር ልጓምና የእርካብ ጠፍር አብሮ መሰለፉን ተመልካች አይዘነጋ። ጠመንጃው ቆዳን ሲተው ፈረሱ አልተወውም።

ሌላም የሚታሰብበት ነገር አለ። በአዊ ዞን በፋግታ ለኮማና በአካባቢው ገበሬዎች ለከሰል የሚተክሉት ዲከረንስ የተባለ የግራር ወገን ዛፍ ቅርፊቱ ለቆዳ ማልፊያ የሚሆን ነገር በብዛት ያለበት ነው። በሌሎች አገሮች የዚህ ዛፍ ዘመዶች ቅርፊታቸው ተልጦ ለቆዳ ፋብሪካ ይሸጣል። በኛ አገር እንጨቱ ይነዳል። በቅርብ ዓመታት ዛፉን የዝገት በሽታ ስለ ያዘው ከሰሉም የሚያስተማምን ገቢ መሆኑ አጠራጣሪ ሆኗል። ከብቱ፣ ቅርፊቱና ገበያው በአንድ ወረዳ ተሰብስበው ሳሉ፣ የጐደለው ሦስቱን የሚያገናኝ የተከበረ እጅ ነው።

መደምደሚያ

ከዚህ ሁሉ የምናገኘው ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ በአገው ምድር የቆዳ ትጥቅ ሥራ ከጠመንጃ ጋራ የመጣ ሳይሆን ጠመንጃውን የተቀበለ የቈየ ሙያ ነው። ሁለተኛ፣ ሙያው የወደቀው ዕቃው ስለ ከፋ ሳይሆን መሣሪያው ስለ ተለወጠና ሠሪው ስለ ተናቀ ነው። ሦስተኛ፣ ንቀቱ ከሥራው የመጣ አለመሆኑን ያው ሥራ በደብተራው እጅ ሲከበር ማየታችን ያስረዳል።

የትምህርት ጓደኞቻችን ለዕረፍት ወደየአገራቸው ሲወርዱ በገበያ ዳር ተቀምጦ ወስፌውን ከሚያሾለው ሰው ዘንድ ጥቂት ጊዜ እንዲቀመጡ እንለምናለን። የየዕፁን ስም፣ የየመሣሪያውን ስም፣ የየስፌቱን ስም በአማርኛም በአዊኛም ይጻፉ፤ ሥዕሉንም ይንደፉ። የጐራዴው ባለቤት ስም በታሪክ መጽሐፍ ተጽፏል፤ የአፎቱ ሠሪ ስም ግን በእርሱና በልጆቹ አፍ ብቻ ያለ ነው። እነርሱ ሲያልፉ አብሮ የሚያልፈውን ዕውቀት ጽፎ ማቈየት የዚህ ትውልድ ተማሪዎች ሥራ ነው።